ጣሳ ውስጥ ስለቀረችው አንዲት ጠጠር

ይድረስ ለበረሃ ሸለቆዎችና ለሕዝብ መናፈሻዎች መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፤ እርስዎ፣ ምክትሎችዎና የምክትሎችዎ ምክትሎች በሙሉ ጤና እንድትሰነብቱ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ የቢሮዎ ማራገቢያም ለአንድ አፍታ እንኳ እንዳያቋርጥ ከልብ እመኛለሁ። የራሴን ጤንነት በተመለከተ ደህና ነኝ ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኛል፤ ሰው ባፈረ ጊዜ ምግብ እንደማይበላለት እስካሁን አላውቅም ነበርና።

ማን ነው ይህ ደፋር ቢሉ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የተማሪ ቀሪ ስይዝ ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያልመጣን ልጅ መጣ፣ የመጣን ልጅ ቀረ ብዬ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም፤ ይህንንም በየሰርጉና በየለቅሶ ቤቱ አፌን ሞልቼ ስናገር የኖርኩ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ ቤተሰቤን በሁለት መኪና ይዤ፣ ጠዋት ሄደን ሳይመሽ የምንመለስበት ቦታ እወስዳለሁ። እርስዎ የሚያስተዳድሩትን ትልቁን የበረሃ ሸለቆ ብቻ አሥራ አራት ጊዜ ጎብኝቻለሁ፤ ስለዚህ ምስጋናዬን ላቅርብ ብል መብቴ ይመስለኛል።

አንደኛ፤ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ስለተተከለው ቀስት አመሰግናለሁ። «ወደ ሸለቆው» ይላል፤ የሚያመለክተው ግን ሰማዩን ነው። ዘንጉ ከተጣመመ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፤ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኛል፤ በኋላ ሳስበው ግን ምናልባት መሥሪያ ቤትዎ ጎብኚውን ወዴት ሊልክ እንዳሰበ እኔ አልገባኝ ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ስለ ውሃው። መርቀው የከፈቱት እርስዎ መሆንዎ በእምነበረድ ላይ በወርቃማ ፊደል ተጽፏል፤ ቧንቧውን ስከፍተው እንሽላሊት ወጣች፤ እሷም የተጠማች ትመስል ነበር። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ እንዳይጠፋ ተብሎ በዋናው መሥሪያ ቤት፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ፣ በጥንቃቄ መቀመጡን ሰምቼ ተደስቻለሁ። የልጅ ልጆቼ የደስታዬ ተካፋይ መሆን አልቻሉም።

ሦስተኛ፤ ዋናው ምስጋናዬ ስለ ፍጥነትዎ ነው። አንድ ቀስት ለማቃናት ሁለት ዓመት ያልበቃው መሥሪያ ቤት የሸለቆውን በር ጠባቂ ከሥራ ለማባረር አምስት ቀን ብቻ ፈጀበት፤ ሰኞ አቤቱታዬን ተቀብሎ ዓርብ አሰናበተው። አቤት ቅልጥፍና! የአንድ ሽማግሌን ቃል እንዲህ ያለ ምንም ማጣራት፣ መዝገብ እንኳ ሳይገልጡ ማመንዎ ከልብ የሚነካ ነው፤ እኔንም ነክቶኝ ይኸው እንቅልፍ የለኝም። አራተኛና አምስተኛ ብዬ ያዘጋጀሁትም ነበረኝ፤ ግን ስለ አጥርና ስለ ቆሻሻ እያወራሁ ፊቴን ከዋናው ነገር ማዞሬ መሆኑን ባለቤቴ ነግራኝ ሰርዤዋለሁ።

የዚያ ቅዳሜ ነገር እንዲህ ነው። ስምንት ሆነን ገባን፤ እኔና ባለቤቴ፣ ታላቅ ወንድሜና ባለቤቱ፣ ልጄና ባሏ፣ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ። ወንድሜ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን በአናጢነት ስለፈጀ የሸለቆውን ግድግዳ እንደ ጣውላ በመዳፉ እየዳበሰ ካልሆነ አይራመድም። እኔ ደግሞ እርስዎ ባይሆኑም ሰዓት የማከብር ሰው ነኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ በሩ ስንመለስ እንደገና ወደ ኋላ ቢቀርብኝ፣ ሚስቱና ሕፃናቱ እየሰሙ፣ «ካልቻልክ ቤትህ አትቀመጥም? ሁልጊዜ አንተን መጠበቅ ነው እንዴ?» አልኩት። በልጅነቴ እሹሩሩ ብሎ ያሳደገኝን፣ ጫማዬን ያሰረልኝን ታላቄን። እሱ ባርኔጣውን አስተካከለና ግድግዳውን መዳበሱን ቀጠለ። እኔም ጥዬው ሄድኩ።

በሩ ላይ፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ማለትም ወርደው ካዩት እንደሚያውቁት፣ እያንዳንዱ ጎብኚ ሲገባም ሲወጣም በገዛ እጁ የሚፈርምበት መዝገብ አለ። ጠባቂው ከመዝገቡ ሌላ የራሱ ዘዴ አለው። ለሚገባው ሰው ሁሉ አንድ ጠጠር ጣሳ ውስጥ ይጥላል፤ ሰው ሲወጣ አንድ ያወጣል፤ በዚህም የተነሳ ጎብኚው ሁሉ «ጠጠር» እያለ ይጠራዋል። እኔ የዚያን ቀን መዝገቡን ከእጁ ወስጄ በአረንጓዴ እስክሪብቶዬ ስምንቱንም መውጫ በአንድ ትንፋሽ ፈረምኩ። የወንድሜን ፊርማ ከነጭራዋ አውቃታለሁ፤ እሷንም አሳምሬ ፈረምኩለት።

ጠባቂው ጣሳውን ነቀነቀ። አንዲት ጠጠር ተንኳኳች። «አባቴ፣ አንድ ሰው ይቀራል» አለኝ፤ በትህትና፣ እኔን ላለማሳፈር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የልጄ መኪና ተነስታ ነበር፤ ወንድሜ እኔን አኩርፎ፣ ስፈርም ከኋላዬ አልፎ ከሚስቱ ጎን የተቀመጠ መሰለኝ። መሰለኝ እንጂ አላየሁም። ቢሆንም፣ «ጠጠርህን ተውና መዝገቡን እመን፤ እኔ አንተ ሳትወለድ መዝገብ የያዝኩ ሰው ነኝ» አልኩት። እዚህ ላይ እርስዎም ሳይኮሩብኝ የሚቀሩ አይመስለኝም፤ ወረቀትን ከሰው አስበልጦ ማመን የእርስዎ ቤት ሙያ ነውና።

አርባ ደቂቃ ነድተን ነዳጅ ማደያ ቆምን። ልጄ ከመኪናዋ ወርዳ በመስኮቴ ጎንበስ አለችና አጎቷ ውሃ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ ያቺን ጥያቄ ለጠላቴም አልመኛት። እነሱ ከእኔ ጋር ነው ብለው፣ እኔ ከእነሱ ጋር ነው ብዬ፣ አንድ ሽማግሌ በረሃ ውስጥ ጥለን መምጣታችን የዚያን ጊዜ ገባን። መኪኖቹን አዙረን ሸለቆው እስክንደርስ ድረስ የወንድሜ ባለቤት የመኪናውን በር እጀታ እንደያዘች ነበር።

ስንደርስ ፀሐይዋ ገና የሸለቆውን ጫፍ አልለቀቀችም። ወንድሜ የጠባቂው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚቱን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ሻይ ይጠጣል። ውሃው ጠባቂው ከቤቱ በጀሪካን ተሸክሞ የሚያመጣው እንጂ እርስዎ የመረቁት አልነበረም። ለካ ጠባቂው እኛ እንደሄድን፣ የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ በሩን ቆልፎ፣ ያቺ አንዲት ጠጠር አላስቀምጥ ብላው ወደ ውስጥ ገብቶ ኖሯል፤ ወንድሜንም እግሩ ታጥፎበት ከተቀመጠበት አግኝቶ በጀርባው አዝሎ አወጣው።

የወንድሜ ባለቤት ባሏን አቅፋ አለቀሰችና ቀና ብላ፣ «ሰው ውስጥ እያለ በር የዘጋው ማነው?» ብላ ጮኸች። ሁሉም ዞሮ አየኝ። የዚያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ አገጬን ወደ ጠባቂው ቀሰርኩ። እሱ እኔን አየኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ አየ፤ ሽበቴን አክብሮ ዝም አለ። ወንድሜም ሻዩን ፉት አለ።

የዋሸ ሰው ውሸቱን መመገብ አለበትና እሁድ ሙሉ ቀን ተቀምጬ ሁለት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩልዎት፤ «በግዴለሽነት»፣ «ለሕይወት አስጊ በሆነ ሁኔታ» የሚሉ ቃላት ሁሉ ያሉበት። ሰኞ መሥሪያ ቤትዎ ድረስ ሄጄ አስገባሁና ቅጂው ላይ የደረሰኝ ማኅተም አስመታሁ።

ማክሰኞ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ጠባቂው ነበር። ማክሰኞ የዕረፍት ቀኑ ነው፤ ወንድሜን ሲያዝል የወደቀችውን ባርኔጣ በማግስቱ ፈልጎ አግኝቷት፣ አድራሻዬን ከመዝገቡ ገልብጦ፣ በሌሊቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሊያደርስልኝ መጥቷል። ገና አራት ሰዓት አልሆነም ነበር። ሳሎኔ ውስጥ፣ እኔ በምቀመጥበት ወንበር ላይ፣ ባርኔጣዋን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለ ወንድሜ እግር ጠየቀኝ። የአቤቱታዬ ቅጂ ከነማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በጋዜጣ ሸፈንኩት። ባለቤቴ ምሳ ካልበላህ አትሄድም ብላ እስከ ሰባት ሰዓት አቆየችው፤ ስሸኘው እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝ። እኔን! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዓርብ ውሳኔዎ ተሰጠ፤ ግልባጩም ለአመልካች ተብሎ ቤቴ ድረስ መጣልኝ። ጠባቂው የተሰናበተው በሦስት ጥፋት ነው። ጎብኚ ውስጥ እያለ በር በመዝጋት፤ ያለ ፈቃድ የሥራ ቦታውን ትቶ ወደ ሸለቆው በመግባት፤ በንብረት ክፍል ያልተመዘገበ ጣሳ ለመንግሥት ሥራ በመገልገል። ወንድሜን ያተረፉት ሁለቱ ነገሮች ናቸው ሁለቱ ጥፋቶች፤ ሦስተኛው ደግሞ የእኔ ነው። ለእኔ «ንቁ ጎብኚ» የሚል የምስጋና ወረቀት ተልኮልኛል፤ ጠርዙ ላይ አበባ አለው።

ከዚያ በኋላ እውነቱን ጽፌ፣ የመዝገቡን ገጽ ይክፈቱ፣ ስምንቱም ፊርማ በአንድ አረንጓዴ ቀለም የተፈረመ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ላክሁ። «ጉዳዩ የተዘጋ ስለሆነ ጥያቄዎን ለመቀበል እንቸገራለን» የሚል መልስ ደረሰኝ። ክቡርነትዎ ተቸግረው ማየት አልወድም፤ ለዚህ ነው ደብዳቤዬን በጋዜጣ፣ በአደባባይ ያደረግሁት። በነገራችን ላይ የወንድሜ ባለቤት በየሳምንቱ ይህንን ጋዜጣ ታነባለች። እውነቱን ለመናገር ከእርስዎ ይልቅ የፈራሁት እሷን ነው። እትዬ፣ በሩን ያዘጋሁት እኔ ነኝ። ባልሽ ወጥቷል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ወንድሜ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ሻዩን ሲጠጣ መዝገቡ አጠገቡ ክፍት ነበርና አይቶታል። ለሚስቱ አልነገረብኝም፤ ለእኔም የተናገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባርኔጣውን ልሰጠው በሄድኩ ጊዜ ተቀብሎ አገላበጣትና፣ «ፊርማዬን እኮ ከእኔ አሳምረህ ነው የምትፈርማት» አለኝ። ቅዳሜ አብረን እንውጣ ብዬ ሦስት ጊዜ ለምኜዋለሁ። በሩን ያ ሰውዬ ካልከፈተው አልገባም ይላል። ያ ሰውዬ ደግሞ ዛሬ አሸዋ መኪና ላይ አካፋ ይዞ ይውላል፤ ሦስት ልጆች አሉት፤ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው ወንድሜ መራመድ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ስለዚህ የምለምንዎ ቀስቱን፣ ውሃውንም፣ ቁልፉንም አይደለም፤ እነሱ እንዳሉ ይቆዩ፣ ለምደናቸዋል። ጠባቂውን ወደ በሩ ይመልሱት። ጣሳውንም በንብረት ክፍል ያስመዝግቡለት። ይህ ሰው በዚህ መዝገብ ከእንግዲህ ለማንም እንዳይፈርም የተከለከለ ነው ብለው ስሜን በር ላይ ቢለጥፉብኝም አልከፋም።

ይህንን ሁሉ ከጊዜዎ ሰርቄ በማስነበቤ በትሕትና ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለከፍተኛ ታታሪነትዎ፣ ለማይደናቀፈው ውሳኔዎና ሳይገለጥ ለሚነበበው መዝገብዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ አንገቴን ደፍቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቀሪ የያዘው፣ ታላቅ ወንድሙን ግን ያልቆጠረው ጡረተኛ

ማስታወሻ፦ ከውሳኔው ጋር የላኩልኝን ቃለ ጉባኤም በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጠባቂው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከኮሚቴዎ ፊት ቀርቦ፣ ተጠይቆ፣ ጥፋቱን አምኖ መፈረሙን ይገልጻል፤ ፊርማውም ታች አለ፣ ያምራል። በዚያ ሰዓት ሰውየው የወንድሜን ባርኔጣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማን እንደፈረመለት አልጠይቅዎትም፤ እንዴት እንደሚደረግ አውቀዋለሁ።