ሳይገናኝ «ተገናኝቷል» የማያሰኙት እትዬ መስመር

በሰፈርም በመሥሪያ ቤትም «እትዬ መስመር» በሚል ስም የሚታወቁት ውድ እኅታችን ከስልክ መስመር ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለው የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የአባቴን የመሣሪያ ቦርሳ ካልተሸከምኩ ብለው ያስቸግሩ ስለነበር ቅጽል ስሙ ያኔውኑ ተለጥፎባቸው ቀረ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጀምረው በቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ካጠኑ በኋላ በ1971 ዓ.ም. በከተማው የውሃ አገልግሎት ተቀጠሩ። በ1975 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ቀልደኛ ናቸው፤ እትዬ ግን ቀልዱ ገብቷቸው የሚስቁት ሌላው ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነበር።

በኮረብታዎቹ ላይ ባሉት የውሃ ማጠራቀሚያዎች የቆሙት የድሮ መቆጣጠሪያ ማሽኖች ውሃ ሲጎድል ሞደም በሚባለው የስልክ ማገናኛ መሣሪያ ደውለው ለዋናው ክፍል ያስታውቁ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የድሮዎቹ የስልክ መስመሮች ሊነቀሉ ነው ሲባል ማሽኖቹ ዲዳ ሊሆኑ፣ የላይኛው ሰፈርም ጠብታ ውሃ ሊያጣ ሆነ። አዲስ ማሽን ይገዛ ቢባልም መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ መስመር ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በአንድ በኩል ወደ ሞደሙ ይገባ የነበረውን የማሽኑን ሴሪያል ገመድ፣ በሌላ በኩል የኮምፒውተር ኔትወርክ (ኢተርኔት) ገመድ የምትቀበል መዳፍ የምታህል ሣጥን አስመጡ። ማሽኑ እንደ ልማዱ ሲደውል ሣጥኗ ሞደም መስላ ታነሣለች፤ የተደወለውን ቁጥር ወደ ኔትወርክ አድራሻ ለውጣም መልእክቱን ታደርሳለች። ያ ምስኪን ማሽን ስልኩ መነቀሉን እንኳ ሳያውቅ ሥራውን ቀጠለ!

ነገሩ ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። ማሽኖቹ ትዕግሥት የላቸውምና ቶሎ ካልተመለሰላቸው ስልኩን ይዘጉ ነበር። ስለዚህ እትዬ ሣጥኗ የዋናውን ክፍል መልስ ሳትጠብቅ ገና እንደተደወለላት «ተገናኝቷል» ብላ እንድትመልስ አደረጉ። አንድ ቀን የዋናው ክፍል ኮምፒውተር ለጥገና ጠፍቶ ሳለ ማሽኑ የውሃውን መጉደል ማንም ለማይሰማው ተናግሮ ዐረፈ። የላይኛው ሰፈር ከነማዋለጃ ክሊኒኩ ደረቀ። እትዬ ከባለቤታቸው ጋር በቦቴ መኪና ውሃ ሲያመላልሱ ዋሉ፤ አዋላጇ ባዶ ባልዲ ይዛ በር ላይ ስትጠብቃቸው ያዩት ነገር ከልባቸው ወጥቶ አያውቅም። በማግስቱ በባልደረቦቻቸው ፊት «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው የማሽኖቹን የመጠበቂያ ጊዜ አራዘሙ። ሣጥኗም ከወዲያኛው ጫፍ መልስ ሳታገኝ «ተገናኝቷል» እንዳትል፣ መልስ ሲጠፋም ማሽኑ ደጋግሞ እንዲደውል አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በዚህ ምክንያት ውሃ አጥቶ አያውቅም።

ይህንኑ ሕግ ቤታቸውም አስገቡት። ገና ጫማቸውን ሳያጠልቁ በስልክ «ደርሻለሁ» ማለት ልማዳቸው የነበረው ባለቤታቸው አበሳቸውን አዩ። እትዬ መንገደኛን ሁሉ «ደህና ግቡ» ብለው ይሸኙና፣ ገባሁ የሚል ስልክ እስኪመጣ እህል አይቀምሱም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ቀን በሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ገና መንገድ ላይ ሳለች፣ «መጣች?» ብለው ጠየቁ። ባለቤታቸው ሊያጽናኗቸው «መጥታለች» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «ገና ናት» አሏቸው። እትዬም ጠበቁ። ልጃቸው ገብታ እጃቸውን ስትይዝ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «አሁን ተገናኘን» አሉ። በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን።

ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በሐዘን ላይ እንገኛለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በፍቅር ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። የዛሬው መንገድ ገባሁ ተብሎ የሚደወልበት ባይሆንም፣ እትዬ፣ ደህና ይግቡ።