ወረቀት ያልተለጠፈበት ጣሳ

ውድ እትዬ፣

ዛሬ ደስ ብሎኛል። አንቺን ከቀበርን ሰባት ወር ሆነን፤ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ሰላምታው ላይ ስቀር ከርሜ፣ ዛሬ ግን ከሥራ እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ደስታዬን ከመንገሬ በፊት የቆየ ነገር አለብኝ። "አንቺ ለፍላፊ፣ ከመሃል አትጀምሪ" ትይኝ አልነበር? እሺ፣ ከመጀመሪያው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ፋብሪካችን ውስጥ ስንዴው በእርሾ ተብላልቶ፣ ተጣርቶ፣ ደርቆ ዱቄት ሲሆን በጣሳ ይታሸጋል፤ እኔ ጣሳው ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። በቀን ስምንት መቶ ጣሳ። ወረቀቱ ከታች በደቃቁ "የምግብ ማሟያ ነው፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አይተካም" ይላል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አውራ ጣቴ እንጂ ዓይኔ አላነበበውም። ማሽኑ ጨረማምቶ ያበላሸው ጣሳ ደግሞ ወረቀት አይባክንበትም፤ እርቃኑን ለሠራተኛ ይታደላል። ለአንቺ ያመጣሁልሽ ሁሉ ከእሱ ነበር።

ጡትሽ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ ሐኪሟ ለአምስት ዓመት በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘችልሽ፣ በሽታው ሌላ ቦታ እንዳይነሳ ብላ። ኪኒኑ የጣቶችሽን መገጣጠሚያ አደረቀው። ልብስ ሰፊ ያለ ጣት ምንድን ናት? አንድ ጠዋት ክር ማስገባት አቅቶሽ፣ እጆችሽን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ስታለቅሺ ከበሩ ጀርባ አይቼሻለሁ። እንዳየሁሽ አላወቅሽም።

አንድ እሑድ የተማሪ ዩኒፎርም እየተረተርሽ፣ "ኪኒኑንም ዱቄቱንም! ሆዴን መጋዘን አደረጋችሁት እኮ" አልሽኝ።

እኔም እየሳቅሁ፣ "ዱቄቱ አለልሽ አይደል? እሱ ከእህል ነው፣ ምን ክፉ ይዞ ይመጣል? ኪኒኑን ትንሽ አሳርፊው" አልኩሽ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ኪኒኑን በተውሽ በወሩ ጣቶችሽ ተፍታቱ። ክሩን በአንድ ሙከራ አስገብተሽ "እይማ!" አልሽኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማሸጊያ ክፍሉን በእልልታ አናወጥኩት። ለአለቃው፣ ለጎረቤቱ፣ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ "እህቴን ያዳናት ዱቄት" እያልኩ ስንቱን አስገዛሁ። ጣትሽን የፈታው የኪኒኑ መቆም ነው ብሎ የሚነግረኝ ማን ነበር? ሐኪሟ ትነግረን ነበር። እሷ ዘንድ የሄድነው ግን ከዓመት በኋላ ነው፣ ወገብሽ አላስቀምጥ አላስተኛ ሲልሽ።

የወገብሽን ራጅ መብራቱ ላይ ሰቅላ ብዙ አየችው። በሽታው አጥንትሽ ውስጥ ገብቷል።

"ኪኒኑን ማን አቁሚ አለሽ?" አለች።



"ማንም። ራሴ ነኝ" አልሽ፣ ወደ እኔ ሳትዞሪ።

እኔ ከግድግዳ ጋር የማወራዋ፣ ያን ቀን አንዲት ቃል አጣሁ። ከዚያ በኋላም በተረፉሽ አምስት ወራት ጀርባሽን ሳጥብ፣ ትራስሽን ሳገላብጥ፣ አፌ ጫፍ ላይ ይደርስና ስለ ጎረቤት ፍየል አወራልሻለሁ። አንቺም ትስቂልኛለሽ። እንድናገር ነበር የምትጠብቂው ወይስ እንዳልናገር? እሱን አላውቅም። ይኸው፣ እትዬ። ኪኒኑን ያስቆምኩሽ እኔ ነኝ።

አሁን ደስታዬን ስሚኝ። ባለፈው ወር የሽያጭ መስኮቱን የምትይዘው ሴት ታማ ቀረችና በእሷ ቦታ እኔን አስቀመጡ። አንድ ታክሲ ነጂ ለእናቱ ሦስት ጣሳ ሊገዛ መጣ።

"እናትህ የምትወስደው መድኃኒት አለ?" አልኩት።

"የደም ግፊት ኪኒን ነበራት። እግሬን አሳበጠኝ ብላለች፤ ይሄ ከእህል ስለሆነ ያንን ልትተወው ነው።"

ከዚያማ ማን ይያዘኝ! ስለ ጣትሽ ነገርኩት፣ ስለ አጥንትሽ ነገርኩት፣ ከኋላው ሰልፉ ተንጫጫ።

"እናቴ፣ ይሸጡልኛል ወይስ ይሰብኩኛል?"

"ሐኪሟን ሳትጠይቁ አልሸጥልህም!" ሦስቱንም ጣሳ እንደ ሕፃን አቀፍኳቸው። እየተራገመ ሄደ። አለቃውም "ሁለተኛ እዚህ መስኮት ድርሽ እንዳትይ" አለኝ።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ፣ ያ ሰውዬ ታክሲውን በሩ ላይ አቁሞ ይጠብቀኛል። ሊማታ መስሎኝ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ያዝኩ። ለካ የእናቱ ሐኪም ኪኒኑን በሌላ ቀይሮላት፣ የእግሯ እብጠት ጎድሎ፣ ግፊቷም ወርዶ ኖሯል።

"እማዬ 'ያቺን ለፍላፊ ሰላም በላት' ብላለች" አለኝ።

መንገድ መሃል ቆሜ ሳቅሁ። ሳቁ መቼ ወደ ለቅሶ እንደዞረ ግን አላወቅሁም፤ ሰውዬው ደንግጦ መሐረቡን ሰጠኝ።

የእሷ መዳን አንቺን አይመልስልኝም፣ አውቃለሁ። ግማሹ የቀረው ጣሳሽ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ጎኑ እንደተጨረማመተ። ዛሬ ወረቀት ይዤ መጣሁና ለጠፍኩበት። ቀጥ ብሏል፤ መቼም እጄን ታውቂዋለሽ። ከዚያ የታችኛውን መስመር ጮክ ብዬ፣ አንድም ቃል ሳልዘል አነበብኩልሽ።

ሁልጊዜ ቀድማ የምታወራው፣ ያን ቀን ብቻ የዘገየችው፣

ለፍላፊ እህትሽ