በወንድሜ ፋይል ላይ የሰፈረው ቃል

ቀን፦ የካቲት 9

ለሆስፒታሉ የሕክምና አገልግሎት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በሟች ወንድሜ የሕክምና ፋይል ላይ በስሕተት የተጻፈ ቃል እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ (የካርድ ቁጥሩ ተያይዟል)

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ልብስ በማጠብ የምተዳደር ስሆን፣ ሟቹ ደግሞ እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደግሁት ታናሽ ወንድሜ ነው። ሥራው የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ መምታት ነበር። ከልደቱ ጀምሮ ቆዳውም ፀጉሩም ነጭ ስለነበር ፀሐይ አይችልም። የሥራ ጓደኞቹ «ጨረቃ» ይሉታል፤ እሱም «ታዲያ በቀን ምን አወጣኝ?» ብሎ ያስቃቸው ነበር።

1. ከሦስት ዓመት በፊት ግንባሩና ጆሮው ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ቅርፊት ስለወጣበት ወደ እናንተ መጣን። የቆዳ ሐኪሟ «ይኸ ገና ካንሰር አልሆነም፤ ሳይሆን እናጥፋው» ብለው ጠዋትና ማታ ለአራት ሳምንት የሚቀባ ክሬም አዘዙለት። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

2. የመድኃኒት መስኮቱ ሠራተኛ «ጠዋትና ማታ» ብለው ጻፉበትና ቀጣዩን ሰው ጠሩ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር አልፈርድባቸውም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን በማናውቀው ቋንቋ ነበር።

3. በአሥረኛው ቀን ግንባሩ ቀላ፣ ቆሰለ፣ አዠ። መድኃኒቱ ሲሠራ እንዲያ እንደሚያደርግ፣ የታመመውን ቆዳ አንስቶ በአዲስ እንደሚተካ የነገረን አልነበረም። እኔ የማውቀው በረኪና ነው። በረኪና ልብስ መብላት ከጀመረ ቶሎ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ እንጂ ሌላ መላ የለውም። ስለዚህ ወንድሜን አስቀምጬ ፊቱን በሳሙና አጠብሁት። «እትዬ፣ ዶክተሯ አራት ሳምንት ብለዋል እኮ» ቢለኝ «ዝም በል፣ ፊትህን ልታጣ ነው» አልሁት። ክሬሙንም ጣልሁት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ።

4. በሳምንቱ ቁስሉ ጠገገ። ዳነ ብለን ደስ አለን፤ ቀጠሮውንም ተውነው። ኋላ ካንሰር ሆኖ ከጆሮው ሥር ያበጠውን ግን የሚመልሰው ቅባት አልተገኘም። ኅዳር ላይ ቀበርሁት። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር።

5. ባለፈው ሳምንት የሞት ማስረጃ ልወስድ ስመጣ የካርድ ክፍሏ ልጅ ፋይሉን አነበበችልኝ። «ታካሚው ሕክምናውን በራሱ ፈቃድ አቋርጧል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህ እውነት አይደለም።

ካሳ አልጠይቅም፤ በማንም ላይ ክስ የለኝም። ይህን ክሬም ለሚወስድ ሰው ሁሉ «ይቀላል፣ ይቆስላል፤ እንዳትፈራ፣ ሳታማክረንም እንዳታቆም» ተብሎ በመስኮቱ በአፍ እንዲነገረው እለምናለሁ። በወንድሜ ፋይል ላይም ያ ቃል ተሰርዞ «መድኃኒቱን ያጠበችበት እኅቱ ናት» ተብሎ ይጻፍልኝ። እሱ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ እንደ ልጅነቱ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ለእኔ መስጠት ብቻ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

የሟች ታላቅ እኅት
(ፊርማ)