ጋሪውም ይቆጠራል

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከት/ቤት መልስ

የፊዚክስ ፈተና ተመለሰልን። ከሃያ አራት! ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። የማታ 10ኛ ክፍል ከገባሁ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ዓርብ ድጋሚ አለ። እሱንም ከወደቅሁ ለከርሞ የተፈጥሮ ሳይንስ የሚባል የለም፤ ነርስ የመሆን ሐሳቤም አብሮ ይቀራል።

የጣለኝ ሞመንተም ነው። መ/ር ዳዊት እኮ አስረድቶናል። ኪሎው በፍጥነቱ ይባዛል፤ ሁለት ነገሮች ተጋጭተው ቢጣበቁም ድምሩ እንዳለ ይቆያል። ይኼ ገብቶኛል። ጥያቄው፦ 20 ኪ.ግ. ባዶ ጋሪ በሰከንድ 5 ሜትር ይሄዳል። 80 ኪ.ግ. ጆንያ ከላይ ዱብ ይልበታል። አብረው በስንት ይሄዳሉ? 1.25 አልኩ። ኤክስ! ለምን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ጠዋት 4 ሰዓት፣ እህል ቤት

ገበያ የለም። ባሌን ጌታሁንን ሥራ አስፈታሁት። ባዶ ጋሪ እየሮጠ ይገፋና ይለቃል፣ እኔ ግማሽ ጆንያ ገብስ እጥልበታለሁ። ጋሪው ዝግ ይላል፤ ግን አይቆምም። ሰው ቆሞ ያየናል። ጌታሁን፣ አንቺ ሴት ዛሬ ምን ነካሽ ይለኛል። ስሌቴን አሳየሁት። እሱ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆመው። ጣቱን 80ው ላይ አሳረፈ።

"ጋሪውስ?"

"እሱማ ተቀነሰ።"

"ታዲያ ጋሪው ቆሞ ጆንያው ብቻውን ይሄዳል?"

ኧረ እኔ! ሃያ ዓመት እህል ስመዝን የባዶ ጆንያውን ኪሎ መቀነስ ለምዶብኝ፣ ጋሪውንም መያዣ ነው ብዬ ቀንሼው ኖሯል! 20 በ5 ተባዝቶ 100፤ እሱ ለ80 ሳይሆን ከነጋሪው ለ100 ነው የሚካፈለው። መልሱ 1። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ምሽት 2 ሰዓት

አለፍኩ! ከሃያ አሥራ ዘጠኝ! መ/ር ዳዊት እዚያው አርሞ ሰጠን። አንዷ የሄደችው "ሜትር በሰከንድ" መጻፍ ረስቼ ነው።

አጠገቤ የምትቀመጠው ቤተልሔም፣ "እትዬ ጥሩ፣ ከማን ኮረጁ?" አለችኝ።

"ከጋሪ!"

መ/ር ዳዊት፣ ወደ ሰሌዳው ይውጡና ያስረዷቸው አለኝ። ወጣሁ። ጠመኔ አነሳሁ። ተሸካሚውም አብሮ ተጓዥ ነው፣ እንዳትቀንሱት አልኳቸው። አጨበጨቡ። ለኔ!

ጌታሁን ጋሪውን ይዞ ት/ቤቱ በር ላይ ይጠብቀኛል። ስንት አመጣሽ? ነገርኩት። ጋሪው ላይ ውጪ አለ፤ በዚህ ዕድሜዬ ወጣሁ። ግቢውን አዞረኝ። ዝግ ነው ያልነው። ኪሎዬን አትጠይቂኝ።

ሰኞ የከርሞውን የትምህርት ምርጫ ቅጽ እሞላለሁ። የተፈጥሮ ሳይንስ። በእስክሪብቶ፣ በእርሳስ አይደለም።