ላንቴ ላይ ሙዝ የሸጠችልሽ ሴትዮ

ጨንቻ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአቢጋኤል ኦይታ፣

የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እኔና ወንድምሽ ክብሩ ደህና ነን። ስልኬ ተበላሽቶ ድምፄ ስለጠፋብሽ አትቀየሚኝ። ይህን ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም አጵሎስ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሲመጣ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ። ወረቀቱ ላይ የምታዪው ላብ ነው። ዘንድሮ ጨንቻም እንደ ቆላ ሞቋል፤ ብነግርሽ አታምኚኝም።

ለመስቀል ጠቅልዬ ልምጣ ካልሽኝ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል። ልጄ፣ ዘንድሮ አትምጪ። ቤታችን ከቦታው ተነስቷል። ትዝ ይልሻል፣ ትንሽ ልጅ ሆነሽ ምስጥ ሥሩን ሲበላው ጎረቤት ተሰብስቦ የቀርከሃውን ቤት እንዳለ በትከሻው አንስቶ ከእንሰቱ ወዲያ ሲያዛውረው? አንቺ ከኋላ እየሮጥሽ "ቤታችን እግር አወጣ" ስትዪ አባትሽ በሳቅ ሊሞት ነበር። አሁንም እንደዚያው ተሸከሙት። የተተከለበት ቦታ ግን ራቅ ይላል፣ በሩንም የሚከፍቱት ሌሎች ናቸው። አባትሽ ሲታመም መጀመሪያ የሽመና ዕቃው ሄደ፣ ከዚያ እንሰቱ፣ ከዚያም ቤቱ። ቤቱን ተከትለን ስንሄድ ክብሩ "እማዬ፣ እኛስ መቼ ነው የምንገባው?" አለኝ። እጁን ይዤ መለስኩት።

ሌላም የምነግርሽ ወሬ አለ። ባለፈው ወር የወሰዱሽ እነ እትዬ ሊሻን አርባ ምንጭን ሊጎበኙ ሲመጡ አብረሻቸው እንደነበርሽ ሰምቻለሁ። የነገረችኝ እዚያ ቆላ፣ ላንቴ መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጥ ሴትዮ ናት፤ አውቃታለሁ። ስትመለሱ መኪናችሁ እሷ ፊት ቆመ። ሌሎቹ ሳይወርዱ አንቺ ብቻ ከኋላ ወረድሽ። እሷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ስለነበር ፊቷን አላየሽውም። አጫጭሩን ሙዝ ለይተሽ አነሳሽ አለችኝ። አባትሽ ጋቢ ሸጦ ከአርባ ምንጭ ሲመለስ የሚያመጣልሽ ያንኑ ነበር፤ እስካሁን አልተውሽውም፣ አንቺ ሆዳም።

"እማማ፣ ትንሽ ይጨምሩበት፣ ይቆጡኛል" አልሻት። ጨመረችልሽ። ስትቀበያት እጅሽ እጇን ነካው። ሻካራ ነው አለችኝ፣ ሳሙና የበላው፣ የጣቶችሽ ጫፍ የተሰነጠቀ።

አቢዬ፣ እትዬ ሊሻን የወተት ጥርስሽ ሳይወልቅ ስትወስድሽ እንደ ልጄ አስተምራታለሁ ብላኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም፤ ለአባትሽ ቀብር እንኳ አልለቀቁሽም። በደወልሽ ቁጥር "ደህና ነኝ፣ እየተማርኩ ነው" ትዪኛለሽ። እናትሽ ደስ እንዲላት ብለሽ ነው። መዋሸቱን ከማን እንደወረስሽ አልጠይቅሽም።

ሴትዮዋን ለምን አላናገርሻትም ብዬ ጠይቄያታለሁ። "እግሬ ጭቃ ነበር። መኪና ውስጥ ባሉት ሰዎች ፊት አሳፍራታለሁ ብዬ ፈራሁ" ነው ያለችው። መኪናው ሲነሳ ግን አልቻለችም፤ በስምሽ እየጠራችሽ ተከትላ ሮጠች። መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። ያን ቀን ሙዙን ሜዳ ላይ ጥላ ገባች። አሁንም መኪና በቆመ ቁጥር ብድግ ትላለች።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር አትምጪ ብዬ ልዘጋው ነበር። ያ እጅሽ ግን ልቤን ሰብሮታል። ከከበደሽ ጨንቻ ድረስ አትድከሚ። ላንቴ ውረጂና ያቺን ሴትዮ ጠይቂ። ሙዝ እርሻው ጥግ የቆርቆሮ ክፍል አለቻት። ትንኝ አለባት፣ ወለሏም አፈር ነው፣ ጠባብ ናት፤ ለሦስት ሰው ግን ትበቃለች። ስምሽን ሳትነግሪያት ታውቅሻለች።

እጅሽን ቅባት ቀቢው። ጌታ ከፊትሽ ይቅደም፣ እኔ የማልደርስበት ቦታ ሁሉ እሱ ይድረስልሽ።

እናትሽ አስቴር