የግቢው በር መቀርቀሪያ

ለምዬ፣

ማዳም ስላስጠራችኝ እዚሁ ከተማ ሪያድ ሰፈር ሄጃለሁ፤ እስከ ዓርብ አልመጣም። በርሜሉን ውሃ ሞልቼዋለሁ።

ሀጂ ኡስማን ትናንት መጥተው ነበር። የኪራይ ውላችን በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ አንቺ ካለሽበት አያድሱም። «ቤቱ የኔ ነው፣ አስቸጋሪ ተከራይ አልፈልግም። አንቺ ብቻሽን ከሆንሽ ቆዪ፣ ኻላስ» አሉኝ።
መብታቸው ነው፣ ምን ይባላል።

ልብስሽን በሴት ልጆቻቸው ክፍል በኩል አታስጪ ብዬሽ ነበር። ሀጂ ሲናገሩሽም አፍ አትመልሺላቸው ብዬሽ ነበር። እምቢ አልሽ። አሁን በሰልፉ ቀን ቡምባን የሚሉት አስለቃሽ ጭስ ዓይናቸውን ያቃጠላቸውን ሰልፈኞች ግቢ ያስገባችው ለምለም ናት ብለው ደምድመዋል። ወታደሮቹ በሩን ሲደበድቡ ሴት ልጆቻቸው አልጋ ሥር ገብተው እንደነበር ነገሩኝ።
እኔ ዝም አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ልነግራቸው ሄጄ ነበር፤ ሶላት ላይ ነበሩ።
መጠበቅ እችል ነበር።

የግቢው በር መቀርቀሪያ ዝጓል። ከሥር ትንሽ ከፍ አድርገሽ ሳቢው፣ ድምፅ ሳያሰማ ይከፈታል። በሰልፉ ቀንም የከፈትኩት እንዲሁ ነው።

ይቺን ወረቀት ወደ ዐረብኛ እየመለስሽ ለሀጂ አንብቢላቸው።

እፀገነት