ወንዙን የሚሻገሩ ትንኞች

ቦቦ ዲዩላሶ፣ ሐምሌ 4 ቀን

ውድ ባለቤቴ ሲርያክ፣

የአቢጃን ሙቀትና የወደቡ ሥራ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። እናትህም ደህና ናቸው፤ «የልጅቱ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ሄዶ ቀረ» ይላሉ።

ከትንኝ ምርምሩ ሥራ ተባርሬያለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ራሴ ልንገርህ።

ዘረመላቸው የተለወጠ ወንድ ትንኞችን በዚህ ክረምት በእኛ መንደር በዶፊና ልንለቅ እንደነበር ታውቃለህ። ከመንደሩ ትንኞች ጋር ሲጋቡ የሚወለዱት ሴቶች መካን እየሆኑ ይሄዳሉ፣ ወባም አብሮ ይከስማል። የዶፊና ሰዎች መክረው ፈቅደዋል። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ከብት አርቢ ፉላኒዎች ግን ማንም አልጠየቀም፤ ትንኝ ወንዙን አይሻገርም ተብሎ ነበር። ይህን ማረጋገጥ የእኔ ሥራ ነበር። ከሁለቱም ዳር የያዝኳቸውን ትንኞች ሳነጻጽር ዘራቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። በየክረምቱ እየተሻገሩ ይጋባሉ። እዚህ የምንለቀው እዚያም ይደርሳል።

ለአለቃዬ ለዶክተር ኢልቡዶ ነገርኩት። «እንሂድና ንገሪያቸው፤ ቀልደኛ ዘመዶችሽ አይደሉ?» አለኝ።

አብረን ሄድን። እኛ ቦቦዎችና ፉላኒዎች ስንገናኝ በቀልድ መሰዳደብ ወግ ነው፤ የተቆጣ ይወቀሳል። ሽማግሌው ሳምቦ ገና ከሩቅ፣ «ገረዴ መጣች። ውሾቹን ደብቁ፣ ቦቦ ርቧታል፤ እንዳትበላቸው» አለ። ትንኞቻችን መጥተው የእናንተን ያገባሉ፣ ዘራቸውንም ያጠፋሉ አልኩ። ሰዉ ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈረሰ።

«ጥሎሹ ስንት ላም ነው?» አለች አንዷ።

«የቦቦ ትንኝ ጠላ ጠጥቶ ነው የሚበረው። ወንዙ መሃል ይሰጥማል» አለ ሳምቦ።

ዶክተሩ ከተማ እንደተመለስን «ተነገራቸው፣ በደስታ ተቀበሉ» ብሎ ጻፈ። የነገርኳቸውም እኔ ነኝና ከሥሩ ስሜን አኖረበት። ሰርዝ አልኩት።

«አንቺ ልጅሽን የቀበርሽ ሴት፣ ወባ እንዲጠፋ አትፈልጊም?» አለኝ።

እፈልጋለሁ። ከእሱ የበለጠ እፈልጋለሁ። ሰው ሳይጠየቅ ግን አልፈልግም።

ብቻዬን ወደ ወንዙ ማዶ ተመለስኩ። ሳምቦ ገና አፉን ሲከፍት የልጃችንን ስም ጠራሁ። ወባ ነው የወሰዳት አልኩ። የመጣሁት እናቷ ሆኜ ነው፣ ቦቦ ሆኜ አይደለም አልኩ። ሳቁ ቆመ። ሳምቦ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ልጄ፣ ነገሩ ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል?»

«ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ አባባ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።»

«እንግዲያው እስካሁን የጠየቀን የለም» አለ።

በማግስቱ ከተማ ገብቶ ይህንኑ በመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ፊት ተናገረ። ትንኞቹን መልቀቁ ለከርሞ ተላለፈ። ለእኔም ቁልፌን አስረክቢ አሉኝ። ዶክተሩ በር ላይ፣ «በዚህ ክረምት የሚሞቱት ሕፃናት ደም በአንቺ ራስ ላይ ነው» አለኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ይህን ስጽፍልህ ምንም አይሰማኝም። ነገም ቢሆን ግን ያንኑ አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁረኛል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ስሟን ድምፅ አውጥቼ ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያውም በባዕድ ሰዎች ፊት። ካንተ ጋር መሆን ነበረበት። እዚህም ልጽፈው አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። መልስ ስትሰጠኝ በቅድሚያ ስሟን ጻፍልኝ፤ ሌላው ይደርሳል።

ባሕሩ ዳር የምትሸከመውን ሁሉ እግዜር ያቅልልህ።

ሚስትህ
ፔላጂ